ዋርፋሪን ተሰጥቶ አይኤንአር ሲጠፋ

ታናሽ እህቴ የልብ ቫልቭ ኦፕራሲዮን ከሆነች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ደረቷ ውስጥ የገባው ቫልቭ የካርቦን ነው ይላሉ፣ እኛ ቤት ግን "ብረቱ" ነው የምንለው፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገቧ የተኛ ሰው እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማዋል። መጀመሪያ አካባቢ እማዬ ያንን ድምፅ እየሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር፣ አሁን ደሞ ካልሰማችው ነው የማይወስዳት።

በነዚህ ዓመታት ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ በየቀኑ የምትውጠው ዋርፋሪኗ ጠፍቶ ሳትውጥ ያደረችበት ቀን ትዝ አይለኝም፣ አንዱ ፋርማሲ ቢያጣ ሌላው ጋ ይገኛል፣ ካልሆነም ከአዲስ አበባ በሰው ይላክላታል። የሚጠፋው ምርመራው ነው፣ ደሟ በስንት ሰከንድ እንደሚረጋ የሚለካው፣ አይኤንአር የሚባለው። እሷ ያለችበት ወረዳ ሆስፒታል የስኳሩን፣ የደም ማነሱን፣ የሰገራውን፣ የኩላሊቱን ምርመራ ሁሉ ይሠራል ይሄን ግን አይሠራም፣ ስለዚ በየወሩ ሦስት ሰዓት ተኩል በሚኒባስ ተጉዛ ትልቁ ከተማ ትሄዳለች፣ አንዳንዴ እዛ ደርሳ፣ ወረፋ ይዛ፣ ካርድ አውጥታ "ሪኤጀንት (ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል) አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሞክሪ" ትባልና ትመለሳለች። ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ሙሉ እንደዚ ሆነና ሐኪሟ የበፊቱን ቁጥር አይቶ "በቃ በነበረው ዶዝ ቀጥዪ" አላት። ሐኪሙ ላይ አልፈርድም፣ ቁጥር በሌለበት ምን ይበል። በአራተኛው ወር ስትለካ 6.1 ሆኖ ተገኘ፣ ለሷ ከ3.5 ማለፍ አልነበረበትም። ድዷ መድማት ከጀመረ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፣ የጥርስ ብሩሹ ነው ብላ ዝም ብላው ነበር።

ከዛ ወዲህ ነው ስለዚ ምርመራ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብና የማውቃቸውን የላብራቶሪ ልጆች መጨቅጨቅ የጀመርኩት። የምለው ነገር አንድ ነው። ዋርፋሪን መስጠትና አይኤንአር መለካት አንድ ሕክምና ነው፣ ሁለቱን ለያይቶ አንዱን በየከተማው ሌላውን በየክልል ዋና ከተማው ማስቀመጥ የብረት ቫልቭ የተገጠመለትን ሰው ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ዋርፋሪንን ሰው ሁሉ "ደም ማቅጠኛ" ነው የሚለው፣ አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችንም "ብለድ ቲነር" ይሉታል፣ ስሙ ግን ያሳስታል። ደሙን አያቀጥነውም። "ደምህ ወፍሯል" የሚባለው ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ የቀይ የደም ሴል መብዛት ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ግን ሁለቱን አምታተው ደሜ ወፍሯልና ካንቺ ኪኒን አካፍዪኝ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ይሄ በጣም አደገኛ ነው። ዋርፋሪን ሥራውን የሚሠራው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች አራቱን (2፣ 7፣ 9 እና 10 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ናቸው) ለመጨረስ ቫይታሚን ኬ ይፈልጋል፣ ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬው ታድሶ ሥራ ላይ እንዳይመለስ ያግደዋል፣ ፕሮቲኖቹ ጎደሎ ሆነው ይወጣሉ፣ ደሙም ሳይረጋ ይዘገያል። በቃ ይሄው ነው ሥራው።

ይሄ መዘግየት ለምን ያስፈልጋል ካላችሁ ባዕድ ነገር ላይ ደም ይረጋል። ቫልቩ ላይ የረጋ ደም ወይ ቫልቩን ራሱን እንዳይከፈት እንዳይዘጋ ያንቀዋል ወይ ደሞ ተቆርሶ ወደ ጭንቅላት ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። መድኃኒቱ ሲበዛ ደሞ ያው ስትሮክ ነው የሚመጣው፣ አሁን ግን በመድማት። ሁለቱ ገደሎች መሃል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፦ መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው አይኤንአሩ 1 አካባቢ ነው፣ እግሩ ደም ስር ውስጥ ደም ለረጋበት ሰው ከ2 እስከ 3 ነው የሚፈለገው፣ እንደ እህቴ ሚትራል በሚባለው ቦታ የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ከ2.5 እስከ 3.5። ሰውየው በስሜት ይሄን ማወቅ አይችልም። 1.6 ሆኖም ደህና ነኝ ይላል፣ 5 ሆኖም ደህና ነኝ ይላል።

ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በዝርዝር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ነገሩ ውስብስብ ስለሆነ አይደለም የሚጠፋው። ደሙ የሚቀዳው ሰማያዊ ክዳን ባላት ቱቦ ነው፣ ውስጧ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ፣ ሲትሬቱ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ደሙ ቱቦው ውስጥ አይረጋም። መጠኑ ወሳኝ ነው፣ ለ9 እጅ ደም 1 እጅ ሲትሬት ነው፣ ስለዚ ቱቦዋ ላይ እስካለው ምልክት ካልሞላች ሲትሬቱ ይበዛና ደሙ ከእውነቱ በላይ የዘገየ ይመስላል። (ደም ስትሰጡ ሰማያዊዋ ቱቦ ግማሽ ላይ ከቀረች "ይሄ አይበቃም እንዴ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም፣ ጎበዝ ባለሙያ ራሱ ይደግመዋል።) ከዛ ሴንትሪፊዩጅ ላይ ይሽከረከርና ቀዩ ሴል ወደታች ሲወርድ ቢጫው ፕላዝማ ላይ ይቀራል፣ ፕላዝማው በ37 ዲግሪ ይሞቃል፣ ትሮምቦፕላስቲን (መርጋቱን የሚያስጀምረው ሪኤጀንት) እና ካልሲየም ይጨመርበታል፣ ሰዓቱ ይጀምራል፣ ፋይብሪን የሚባለው ክር ሲፈጠር ሰዓቱ ይቆማል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ11 እስከ 13 ሰከንድ ገደማ ነው። ድሮ ባለሙያው ቱቦውን ብርሃን ላይ እያዘነበለ በዓይኑና በእጅ ሰዓት ነበር የሚቆጥረው፣ አሁን ማሽን ይሠራዋል፣ ግን በእጅም ይሠራል።

ይሄን ምርመራ ያመጣው አርማንድ ክዊክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935። ከሱ በፊት የነበረው የሊና ዋይት ዘዴ (1913) ደሙን ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ አድርጎ እስኪረጋ ደቂቃ መቁጠር ነበር፣ እሱ ሻካራ ነው፣ ጥቃቅን ለውጥ አይያዝበትም። የክዊክ ዘዴ በሰከንድ ስለሚለካ ለመድኃኒት ክትትል ሆነ። ግን አንድ ትልቅ ጣጣ ነበረበት። ትሮምቦፕላስቲኑ የሚሠራው ከእንስሳ አንጎል ወይም ሳንባ ስለነበር እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚያወጣው የተለያየ ጉልበት ነበረው፣ የአንድ ሰው ደም እዚህ ላብራቶሪ 20 ሰከንድ እዛኛው 30 ሰከንድ ይሆናል፣ አንዱ አገር ያለ ሐኪም መድኃኒት ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1983 የዓለም ጤና ድርጅት አንድ መላ ተቀበለ፦ እያንዳንዱ ሪኤጀንት ከአንድ ዓለም አቀፍ መነሻ ጋር ተነጻጽሮ አይኤስአይ የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፣ የታማሚው ሰከንድ ለጤነኛ ሰው ሰከንድ ይካፈላል፣ ውጤቱ በዛ ቁጥር ፓወር ይደረጋል (ቁጥሩ 2 ከሆነ በራሱ ይባዛል ማለት ነው)፣ የሚወጣው አይኤንአር ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው ሰው የማያየው አደጋ ያለው። የታማሚው 30 ሰከንድ፣ የጤነኛው 12 ሰከንድ ቢሆን 30 ለ12 ሲካፈል 2.5 ነው። የሪኤጀንቱ አይኤስአይ 1 ከሆነ አይኤንአሩ ያው 2.5 ነው፣ እሰይ የሚያስብል ውጤት ነው። አይኤስአይው 2 ከሆነ ግን 2.5 በ2.5 ተባዝቶ 6.25 ይሆናል፣ ያ ሰው ዛሬውኑ መድኃኒቱን ማቆም ያለበት ሰው ነው። ሰከንዱ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ሰማይና ምድር። ስለዚ አንድ ላብራቶሪ አቅራቢው ሲቀየር የመጣውን አዲስ ሪኤጀንት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይኤስአይ ማሽኑ ላይ ሳያስገባ በድሮው ቁጥር ከቀጠለ ማንም ሳይነቃ ለወራት የተሳሳተ ውጤት ሊያወጣ ይችላል። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው የምርመራ ወረቀት ላይ ሰከንዱ ብቻ ተጽፎ አይኤንአሩ ሳይጻፍ ሲመጣ የማልቀበለው፣ ሰከንድ ብቻውን ምንም አይነግርም።

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ከመለካት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካናዳና ሰሜናዊ አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይ ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በ1933 ክረምት አንድ ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ የሞተች ጊደሩንና በወተት ጣሳ ሙሉ የማይረጋ ደም ጭኖ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክ የሚባል ኬሚስት ጋ ይደርሳል። የሊንክ ሰዎች ከዛ ድርቆሽ ውስጥ ጥፋተኛውን ነገር ለይተው ለማውጣት ዓመታት ፈጀባቸው፣ መንገዱን ያሳያቸውም የጥንቸል ፕላዝማ የሚረጋበትን ጊዜ መለካት ነው፣ ያወጡትን እያንዳንዱን ጭማቂ ለጥንቸል እየሰጡ የቱ እንደሚያዘገይ በሰከንድ እያዩ። ከዛ ቤተሰብ የወጣው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ገባ፣ በ1954 ለሰው ተፈቀደ፣ በዓመቱ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ተሰጣቸው። ስሙም ምርምሩን ከደገፈው የዊስኮንሲን ፋውንዴሽን ምህጻረ ቃል የመጣ ነው። መድኃኒቱ የተገኘው በመለኪያው ነው፣ ዛሬ መድኃኒቱ ገጠር ደርሶ መለኪያው መቅረቱ ለዛ ነው የሚያንገበግበኝ።

"አዲስ መድኃኒት ወጥቷል እኮ፣ ምርመራ የማይፈልግ" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው ወጥቷል፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን፣ ዳቢጋትራን የሚባሉ አሉ፣ እግሩ ላይ ደም ለረጋበት ወይ ልቡ ያለ ቫልቭ ችግር ምቱ ለተዛባበት ሰው በጣም ጥሩ ናቸው። እኛ አገር ያለው የልብ ችግር ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ወጣቱን የሚይዘው ሩማቲክ የሚባለው፣ በልጅነት ከቶንሲል ተነስቶ ቫልቭ የሚበላው ነው፣ ለቶንሲሉ ፔኒሲሊን ከመስጠት ይልቅ እንጥል ያስቆረጥንባቸው ልጆች ናቸው አድገው የልብ ታማሚ የሚሆኑት። ለነዚህ ሰዎች አዲሱ መድኃኒት ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት አፍሪካን ጨምሮ በ24 አገሮች 4,500 ገደማ ሩማቲክ ታማሚዎችን አሳትፎ ሪቫሮክሳባንን ከነዋርፋሪን ጋር ሲያወዳድር ዋርፋሪን የሚወስዱት ናቸው በሞትም የተሻሉት። የብረት ቫልቭ ላይ ደሞ ዳቢጋትራን የተሞከረበት ጥናት ስትሮክም መድማትም ስለበዛበት በ2013 ሪፖርቱ እንደወጣው መሃል ላይ ነው የቆመው፣ አፒክሳባንም በ2022 እንደዛው ቆሟል። ስለዚ ለእህቴና ለሷ ቢጤዎች ከዋርፋሪን መውጫ የለም፣ ከዋርፋሪን መውጫ ከሌለ ከአይኤንአርም መውጫ የለም።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ የውሳኔ ጥያቄ የሚመጣው። ቫልቭ ሲቀየር ሁለት ምርጫ አለ፣ የብረትና ከእንስሳ ቲሹ የሚሠራው። የቲሹው የዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይፈልግም፣ ግን ወጣት ሰው ላይ ቶሎ ያረጅና ሌላ ኦፕራሲዮን ያስከትላል። የብረቱ ይቆያል፣ ግን ዋርፋሪን የግድ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተቋቋመውና በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል በር ላይ ተራ የሚጠብቁት በሺዎች ናቸው፣ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚባል ነገር ለብዙ ሰው ሕልም ነው፣ ስለዚ ብረቱ ይመረጣል፣ ይገባኛል። ግን ያ ምርጫ ሲደረግ ልጅቷ የምትመለስበት ወረዳ አይኤንአር አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ከልብ አልትራሳውንዱ እኩል መጠየቅ አለበት። ሴት ልጅ ስትሆን ደሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፣ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስ ሊጎዳ ይችላል፣ በራስ ማቆም ደሞ ቫልቩ ላይ ደም ያረጋል፣ ስለዚ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ይሄን ሳይነገራት ፈርማ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት የለባትም።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ ላይ እኮ መለኪያው አይጠፋም። ደም በማሽን ሲዞር ሄፓሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ይሰጥና በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ የመርጊያው ጊዜ እዛው አልጋው አጠገብ ይለካል፣ ጤነኛው ሁለት ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ብዙ ቦታ ከ480 ሰከንድ በላይ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ከዛ በታች ከሆነ ማሽኑ አይነሳም። ያን ያህል ጥንቃቄ ለአምስት ሰዓት ተደርጎ ከዛ ለቀሪው አርባ ዓመት ልጅቷ ሚኒባስ ትጠብቃለች።

አሁን ስለ እህቴ 6.1 ልመለስ። ሦስት ወር አለመለካቷ ብቻ አልነበረም። ቆይተን ስንጠይቃት ሆዷን አሟት አሜባ ነው ብለው ፋርማሲ ፍላጂል ሰጥተዋት ሳምንት ሙሉ ውጣለች። ፍላጂል (ሜትሮኒዳዞል) ጉበት ዋርፋሪንን እንዳያስወግድ ያግዳል፣ ስለዚ ያው በነበረው ኪኒን አይኤንአሩ ይተኮሳል፣ ባክትሪምም እንደዛው ነው፣ ሲፕሮም። ዳይክሎፌናክና አስፕሪን በሌላ መንገድ መድማቱን ያባብሱታል፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደሞ በተቃራኒው ዋርፋሪኑን ከሰውነት ጠርጎ ያስወጣዋል። እኛ አገር ፍላጂል ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ ስለሚሸጥ ፋርማሲስቱም አይጠይቅም ታማሚውም አይናገርም። ዋርፋሪን የሚወስድ ዘመድ ካላችሁ ይቺን አንዷን ነገር ብቻ ብትነግሩት ብዙ ነው፦ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ሲጀምርም ሲያቆምም በሳምንቱ ውስጥ ይለካ።

ምግቡ ደሞ አለ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን በተሳሳተ መንገድ የሚያውቀው ነው። "ጎመን አትብዪ" ይሏታል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ ቫይታሚን ኬ የሞላባቸው ናቸው፣ አይኤንአሩን ይቀንሳሉ፣ እውነት ነው። ግን መፍትሔው ጎመን መከልከል አይደለም መጠኑን ማስተካከል ነው፣ ሁሌ እኩል የምትበላ ከሆነ ሐኪሙ ዶዙን ከዛ ጋር ያስማማዋል። ችግሩ የኛ አበላል እንደ ወቅቱ መገለባበጡ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ጎመንና ቆስጣ በየቀኑ ማዕድ ላይ ይቀርባል፣ አይኤንአሩ ይወርዳል፣ ሐኪሙ ምክንያቱን ሳያውቅ ዶዝ ይጨምራል፣ ከዛ ፋሲካ ይመጣል፣ ዶሮው ሥጋው ጠላው፣ ጎመኑ ጠፋ፣ የተጨመረው ዶዝ ግን አለ፣ አይኤንአሩ ወደ ላይ ይወጣል። ነጭ አገር የተጻፈ የታማሚ መምሪያ ላይ ይሄ የለም፣ መጻፍ ያለብን እኛ ነን። ጾም ከገባ በሁለተኛው ሳምንትና ከተፈታ በሁለተኛው ሳምንት መለካት የሚል አንድ መስመር ካርዱ ላይ ቢታተም ምን ያስወጣል?

ደሞ ዋርፋሪን ፈጣን መድኃኒት አይደለም። ዛሬ የተቀየረ ዶዝ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ቆይቶ ነው፣ ምክንያቱም ደም ውስጥ ቀድሞ የተሠራው ፕሮቲን ማለቅ አለበት፣ ፕሮቲን 7 በሰዓታት ያልቃል፣ ፕሮቲን 2 ግን ቀናት ይቆያል። ለዚህ ነው አንድ ቀን የረሳ ሰው በማግስቱ ሁለት መዋጥ የማይፈቀድለት፣ ለዚህ ነው ደሞ በሦስት ወር አንዴ የሚለካ ሰው ቁጥሩ ያለፈ ታሪክ የሚሆነው። ዓለም ላይ ጥሩ ክትትል የሚባለው ታማሚው ቢያንስ 65 ከመቶውን ጊዜ በሚፈለገው ክልል ውስጥ ሲያሳልፍ ነው፣ አዲስ አበባ ባሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች እንኳ ከዛ በብዙ የራቀ ውጤት ነው ያሳዩት። አዲስ አበባ እንዲህ ከሆነ ወረዳው ምን ሊሆን ነው።

መለኪያ ማለት ግን የግድ ማሽን አይደለም፣ ይሄን ያስተማረኝ የእባብ ነገር ነው። መተማና ሁመራ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በእባብ ይነደፋሉ፣ አንዳንዱ የእፉኝት ዓይነት መርዙ የሰውን የመርጊያ ፕሮቲን ሙልጭ አድርጎ ይጨርሰዋል፣ ከዛ ሰውየው ከድዱም ከቁስሉም ከውስጡም ይደማል። ይሄን ለማወቅ ያለው ምርመራ በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ውስጥ የተለመደው ነው፦ ሁለት ሚሊ ደም ንጹህና ደረቅ ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ማድረግ፣ ሳይነኩ 20 ደቂቃ ማስቀመጥ፣ አንዴ ማዘንበል። ከረጋ ጥሩ፣ እንደ ውሃ ከፈሰሰ አንቲቬኖም (የእባብ መርዝ ማርከሻ) ያስፈልገዋል ማለት ነው፣ ተሰጥቶም በየስድስት ሰዓቱ ይደገማል። መብራት አይፈልግም፣ ሪኤጀንት አይፈልግም። የሚፈልገው ብርጭቆ ነው፣ ፕላስቲክ ላይ ጤነኛ ደምም ቶሎ አይረጋም፣ በሳሙና የታጠበ ብርጭቆም እንደዛው ያሳስታል። አሁን ጤና ጣቢያዎች ላይ ሁሉም ነገር ፕላስቲክ ስለሆነ የጠፋው ያቺ የብርጭቆ ቱቦ ናት። አንቲቬኖም በጣም ውድና ብርቅ በሆነበት አገር ማን እንደሚያስፈልገው የምትለይ አንዲት ቱቦ መጥፋቷ ከእህቴ ታሪክ ጋር ያው ነው፣ ለመድኃኒቱ ይለፋል መለኪያው ይረሳል። (ለዋርፋሪን ግን ይቺ ዘዴ አትሆንም፣ 2ን ከ4 አትለይም፣ እንዳትሞክሩት።)

ለዋርፋሪን የሚሆነው በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ነው፣ እንደ ስኳር መለኪያው፣ ጣት ተወግቶ አንዲት ጠብታ ስትሪፕ ላይ፣ በደቂቃ ውስጥ አይኤንአር። አሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን የብረት ቫልቭ ላላቸው ሰዎች ቤታቸው እንዲለኩ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይከፍላል፣ ዲሲና ሲያትል ያሉ ኩማዲን (ያው ዋርፋሪን) የሚወስዱ አበሾች ሳሎናቸው ቁጭ ብለው ለክተው በስልክ ያሳውቃሉ። ጉድለት የለውም አልልም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ ኮአጉቼክ የሚባለው መሣሪያ ስትሪፖች ከፍ ያለ ውጤት እያሳሳቱ ስለወጡ በብዛት ተሰብስበዋል፣ ስለዚ አልፎ አልፎ ከላብራቶሪ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። እኛ ጋ ያለው እንቅፋት ስትሪፑ ነው፣ በዶላር ነው የሚመጣው፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደሞ የሪኤጀንቱም የስትሪፑም ዋጋ ሌላ ነው። ግን አስቡት፣ አንድ ወረዳ ሆስፒታል ውስጥ የብረት ቫልቭ ያላቸው ሰዎች ብዙ አይደሉም፣ የእያንዳንዳቸው የሚኒባስ፣ የምሳና የአልጋ ወጪ ተደምሮ ከስትሪፕ ዋጋ ጋር ቢነጻጸር እኔ ስትሪፑ ይረክሳል ባይ ነኝ፣ አንድ ስትሮክ የሚያስወጣውን ሳልጨምር።

መሣሪያው እስኪመጣ እንኳ የሚቻል ነገር አለ። በሰማያዊ ቱቦ የተቀዳ ደም ክዳኑ ሳይከፈት በቤት ሙቀት እስከ 24 ሰዓት ለዚህ ምርመራ ይሆናል። የቲቢ አክታ ከጤና ጣቢያ ወደ ሪፈራል ላብራቶሪ በፖስታና በሞተር ሲጓጓዝ አይተናል፣ ስለዚ ጠዋት ወረዳ ላይ የተቀዳው ደም ከሰዓት ትልቁ ከተማ ደርሶ ማታ ውጤቱ በስልክ ሊመጣ ይችላል፣ ሰውየው ሳይሆን ቱቦው ይጓዝ ነው የምለው። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ዋርፋሪኑን ሲሸፍን ይሄንንም አብሮ ያስላ።

ውጭ ላላችሁ ደሞ፣ መሣሪያ ገዝታችሁ ለዘመድ ከላካችሁ ስትሪፑ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፣ ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ እንደሚበላሽ አስቡ፣ ቆላ ላለ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ቁጥሩን አይቶ ዶዙን የሚወስን ሐኪም በስልክም ቢሆን መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ቁጥር በእጁ ይዞ በራሱ ኪኒን የሚጨምርና የሚቀንስ ሰውም ደህና አይደለም። ነስር አልቆም ካለ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሰውነት ሳይመታ ከበለዘ፣ ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይ አፍና እጅ ከተሳሰረ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

እህቴ ከ6.1 በኋላ ለጥቂት ቀናት አቁማ፣ ተለክታ፣ በዝቅተኛ ዶዝ ተመልሳለች። አሁን አንድ ደብተር አላት፣ ቀን፣ አይኤንአር፣ ስንት ሚሊግራም፣ የወሰደችው ሌላ መድኃኒት፣ እና ጾም ይሁን ፍስክ። ሚኒባስ ከመሳፈሯ በፊት ላብራቶሪው ጋ ያለ አንድ ደግ ልጅ ጋ ደውላ "ሪኤጀንት አለ?" ትላለች። ያለፈው ቁጥሯ 2.8 ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ዐቢይ ጾም ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው፣ ቀኑን ራሷ ናት ያስለወጠችው።